የመጀመሪያው አፈር

ጠባሳው ከእምብርቱ በታች ነው፣ በግራ በኩል፣ የስንዴ ፍሬ ያህላል፣ ዳሩ ነጣ ብሎ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ያንተም እዚያው ነበር ባሌ ኖቫተስ፣ ልክ እዚያው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጨለማ በጣቴ አገኘው የነበረው ጠባሳ ዛሬ ጠዋት በነጭ ሰው ሆድ ላይ ቁልጭ ብሎ አየሁት። አንሶላውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እኔ የጡረታ ካህናት ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ የበሽተኛ ገላ ማየት ሥራዬ አይደለም፣ ንጹሕ አንሶላ አድርሼ ልመለስ ነበር፣ ግን ነርሷ አኔክ ብቻዋን ነበረችና "እባክዎ ትከሻቸውን ይያዙልኝ፣ እንዳይንሸራተቱ" አለችኝ። ያዝኩ። ሸሚዙን ሰበሰበችው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ውሃ ቋጥሯል ይላሉ፣ ጉበቱ ነው ይላሉ፣ ከዚያ ሥር ጠባሳው። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት። "የቱ? እሱማ የድሮ ነው፣ አፍሪካ ሳሉ የሆነ ነገር ወግቷቸው ይሆናል" አለችና ስፖንጁን ጨመቀችው። የሆነ ነገር ወግቷቸው! አባ ኮርኔሊስ ዓይኑን ገለጠ፣ እኔን አየ፣ ያየሁትን አየ፣ ከዚያም እንደ ተያዘ ሌባ ዓይኑን ጨፈነ። ይኸው እሱ እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቸው ስል ኖሬ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አፌ እምቢ ብሎኛል።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ግን ግድግዳዬ ላይ ተቀምጣ አልሄድም ብላለች። በሆላንድ በሰኔ ወር መሽቶ አይመሽም። መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ፣ ፎጣ ደርቤበታለሁ፣ ብርሃኑ ግን በቀዳዳው እየገባ ዓይኔን ይቆፍረዋል። ከሥር ያለው ዳቦ ቤት ሰዎች ወንበራቸውን ይጎትታሉ። ነገ ሥራ የለኝም፣ እንቅልፍም የለኝም። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ፣ አንተ ማን ነህ፣ እሱ ማን ነው፣ እኔ የማን ሚስት ሆኜ ነው የኖርኩት? ሙካጎ፣ የአገሬ የደም ወንድምነት፣ እኮ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ሁለት ሰዎች ከእምብርታቸው በታች ይበጣሉ፣ አንዲት የቡና ፍሬ ይሰነጥቃሉ፣ ከመንታዎቹ አንዷን በደሙ ነክሮ ለወንድሙ ያጎርሳል፣ ያም እንደዚሁ፣ ብከዳህ ሆዴ ይነፋ ይባባላሉ። ከዚያ ወዲያ የደም ወንድም የለመነውን እምቢ ማለት የለም። ሚስቱ ብትቸገር የምትሮጠው ወደ እሱ ነው። የሞተም እንደሆነ መቃብሩ ውስጥ የመጀመሪያውን አፈር በግራ እጁ የሚጥለው እሱ ነው፣ የእናት ልጅ እንኳ አይቀድመውም፣ እሱ ካልጣለ ሟቹ ቤቱ አልገባም፣ ደጅ ቆሟል።

ይህን ያወገዘው ደግሞ ማን ነበር? ካሺንጎ ኮረብታ ላይ ያ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እናቶቻችን ጡቡን ከወንዙ ዳር ምድጃ በራሳቸው እየተሸከሙ ይወጣሉ፣ እሱ አባ ኮርኔሊስ ባዶ እግሩን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይረግጣል፣ ጢሙ ጭቃ ነው፣ ፒፓው ከአፉ አይወድቅም፣ በቋንቋችን እየተሳደበ ያስቃቸዋል፣ "እማማ፣ ይቺን ጡብ አይተሽ ነው ወይስ ባልሽን አስበሽ ነው ያቃሰትሽው?" ይላል። የአውራጃው እንግሊዝ ሲመጣ በረንዳ ላይ ሻይ ያጠጣዋል፣ ሲሄድ ከኋላው ትፍ ይላል። የተጠበሰ ፌንጣ ከእኛ እኩል ይወዳል። ወባ ሲይዘው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀድሳል። ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ በሞተር ብስክሌቱ በጭቃ መንገድ ሌሊት ይነዳል። እኔም በልጅነቴ ስፈራውም ስወደውም አንድ ላይ ነበር። በዐቢይ ጾም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መንበሩ ላይ ወጥቶ "ክርስቶስ ደሙን ሰጥቷችሁ እናንተ የጎረቤታችሁን ደም ትቅማላችሁ?" ብሎ ይጮኻል። ጠባሳ ያለበት ሁሉ በመሠዊያው ደረጃ ፊት ቆሞ፣ የደም ወንድሙ እያየው፣ የቡና ፍሬ ከአፉ ይትፋ፣ ክጃለሁ ይበል። እምቢ ያለ ከበሩ ውጭ ኮረቱ ላይ ይንበርከክ። ቁርባን የለውም። ሲሞት ፍትሐት የለውም። ወንዶቹንስ ሸሚዛቸውን አስገልጦ የሚመረምራቸው ማን ነበር? የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው፣ አንተ፣ ኖቫተስ። መርማሪውን ማን ይመረምረዋል?

አባቴ ካሂጊ አልተፋም። የአባቴ የደም ወንድም ጀልባ ቀዛፊ ነበር፣ ያልተጠመቀ፣ አባቴን ከሰመጠ ጀልባ ጎትቶ ያወጣው። አንተ የተጋባን በሁለተኛው ዓመት ከፓድሪው፣ ከአባ ኮርኔሊስ፣ ተልከህ ወደ አባቴ ቤት ስትገባ እኔ ሙዝ እየላጥኩ ነኝ። "አባቴ፣ አባ ኮርኔሊስ እስከ ትንሣኤ ጊዜ ሰጥተውዎታል" ትላለህ፣ ዓይንህ መሬት ነው። አባቴ ይስቃል። "የዋጥኩትን ከየት አውጥቼ ልትፋው? ለፓድሪህ ንገረው፣ ሐኪም ከሆነ ቢላውን ይዞ ይምጣ፣ ሆዴን ቀዶ ይፈልግ፣ ካገኘው ይውሰደው።" አንተ ትንሽ ፈገግ አልክ፣ ያን ጊዜ ጠላሁህ፣ ምኑ ያስቃል ብዬ። ከዚያ ለሁለት ዓመት አባቴ በየእሑዱ ከበሩ ውጭ ተንበረከከ። ዝናብ ይመታዋል፣ ይዘምራል፣ ድምፁ ከውስጡ መዘምራን ይበልጥ ነበር። ሲሞት ደወሉ አልተደወለም። እናቴ ለአንድ ሙሉ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጣ ቆየች፣ በሩ አልተከፈተም፣ ያለ ፍትሐት ሙዛችን ሥር ቀበርነው፣ ጀልባ ቀዛፊው መጥቶ የመጀመሪያውን አፈር ጣለ። በዚያው ማታ አንተ እጄን ልትይዝ ስትል እጄን ነጠቅሁህ፣ ስንት ዓመት ነጠቅሁህ፣ አንድ ቃል ልትለምንለት አልቻልክም ወይ እያልኩ። አንተ ዝም። ጠባሳህን እያወቅሁ፣ ያንተን ምስጢር እየደበቅሁ፣ የራስህን ደብቀህ የአባቴን አጋለጥክ እያልኩ። አንተ ዝም። "ከማን ጋር ነው የተበጣኸው?" ስልህ "ሳልጠመቅ ነው፣ ተይው" ብቻ። እኔም በራሴ ደረስኩበት መሰለኝ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሻጩ አብደላ ጋር ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ሁልጊዜ ትልቁን ዓሣ ለእኛ ያስቀምጥ ስለነበር።

በሞትክ ጊዜ እንግዲህ ያደረግሁትን ታውቃለህ፣ ወይም አታውቅም፣ ሙታን የሚያውቁትን ማን ያውቃል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሬሳህ በልጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አገሬው ቆሞ፣ አብደላ ይምጣ ብዬ ሰው ላክሁ። እስኪመጣ ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ሬሳው መሽተት ጀመረ፣ የእህትህ የአደልትሩዳ ፊት ጠቆረ። አብደላ እያላበው ደረሰ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሁሉም ሰው እጁን ሲያይ ደነገጠ። "እመቤቴ፣ እኔ ይሄን ሰው ዓሣ ነው ያበላሁት እንጂ ደም አላበላሁትም" አለ። ሰው ሳቀ። በቀብርህ ላይ ሰው ሳቀ ኖቫተስ። የመጀመሪያውን አፈር የሚጥል ጠፍቶ ቆፋሪዎቹ ዝም ብለው በአካፋ መለሱብህ። እኔ ከዚያ አፈር አንድ እፍኝ በሻይ ቆርቆሮ ያዝኩ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ባለቤቱ ሲገኝ ብዬ ይሆናል። ልጅ አልወለድኩልህምና የአጎትህ ልጆች የሙዙን ግቢ ወሰዱት። ከሆላንድ ደብዳቤ መጣ፣ አንተ ሳትሞት ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ከተመለሰው ከአባ ኮርኔሊስ፣ በጡረታ ካህናት ቤት ሥራ አለልሽ፣ ነዪ የሚል። የሰው ደግ አልኩ። ለባሌ ውለታ ነው፣ ክርስቲያንነት ነው አልኩ፣ ሦስት ዓመት ሸሚዙን በፍቅር ተኮስኩለት። አሁን ነው የገባኝ። ደግነት አልነበረም። የወንድሙን ሚስት ነው ያስጠራው። ሁሉንም የሙካጎ ግዴታ አንድ በአንድ በስውር ሲከፍል ኖሮ፣ የመጀመሪያውን አፈር ብቻ አልቻለም።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ፣ የወሩ መጀመሪያ፣ አደልትሩዳ ቡኮባ ፖስታ ቤት ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ስልክ ሣጥኑ ሄድኩ። መስመሩ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። "ፑደንሲያና! ጮክ በዪ! ፓድሪው ሞቱ?" "አልሞተም። ዶክተሩ ከሰኞ አያልፍም ብሏል።" "እና ምን ሆነሽ ዝም ትያለሽ? መስመሩ ይቆረጣል እኮ።" "የወንድምሽ የደም ወንድም ማን ነበር?" "ደግሞ ጀመረሽ! ያን ምስኪን እስላም አዋርደሽው አልበቃሽም?" "ፓድሪው ነው። ጠባሳውን በዓይኔ አየሁት።"  ሳቀች፣ እስክታስላት፣ "ያ ነጭ ሽማግሌ! የእኛን ደም ውጦ! ስንቱን ሰው ኮረት ላይ አንበርክኮ!" እያለች፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። "ወንድሜ ደጅ ቆሟል ፑደንሲያና። አራት ዓመት ደጅ ቆሟል። አፈሩ አለሽ አይደል? ሳይሞት በፊት አስጥዪው።" "የአባቴስ?" አልኳት። "የአባትሽ ሌላ ነው።" "ሌላ አይደለም። አባቴን ያን ጠባሳ በሆዱ ይዞ ነው የፈረደበት። እኔ ምን በወጣኝ ነው ይሄን አፈር በእጁ አስጨብጬ የማሳርፈው?" "አንቺ ሴት፣" አለች፣ "እሱን ስትቀጪ ወንድሜን እየቀጣሽ ነው" አለች፣ መስመሩም ተቆረጠ።

ከዚያ ጀምሮ እዚህ ተጋድሜያለሁ። ቆርቆሮው መስኮቱ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ክዳኑ ላይ ታበራለች። ካልሰጠሁት እሱ ሆዱ እንዳበጠ ይሞታል፣ አንተም ደጅ እንደቆምክ ትቀራለህ። ከሰጠሁት ሁለታችሁም ታርፋላችሁ፣ አባቴ ግን ኮረቱ ላይ ይዘምራል። በመጨረሻ ፀሐይዋ ሄደች፣ ወዲያው ተመለሰች መሰለኝ፣ ወፎቹ ጮኹ፣ ተነሣሁ፣ ነጠላ ቀሚሴን ለበስኩ፣ የራስ ሻሼን አሰርኩ፣ ቆርቆሮውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣ ቤተሰብ ብቻ ይላል። አኔክ መዝገቡን ይዛ ቆማለች። "ወይዘሮ ፑደንሲያና፣ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ደንቡ ነው።" "ዘመድ ነኝ።" ፈገግ አለች፣ በሐዘኔታ። "አውቃለሁ ሁላችሁም ትወዷቸዋላችሁ፣ ግን እዚህ ላይ ዝምድናውን መጻፍ አለብኝ።" "ጻፊ፣ የወንድሙ ሚስት።" እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። "አባ ኮርኔሊስ ወንድም እንዳላቸው አናውቅም።" "እኔም ትናንት ነው ያወቅሁት" አልኳት። ፊቴን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ጻፈች። ጥሩ ልጅ ናት።

ነቅቶ ነበር። ፊቱ እንደ ሰም ነው፣ ሆዱ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይዞታል። "መጣሽ" ይላል በቋንቋችን፣ የካሺንጎ ሰው ሆኖ። "የት ነው የተበጣችሁት?" እላለሁ፣ ደህና አደርክ እንኳ ሳልል። "ደሴቱ ላይ። በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት። ጥቁር ውሃ የሚያሸና ትኩሳት ያዘኝ፣ ቀዛፊዎቹ ጥለውኝ ሊሄዱ ሆነ፣ የባዕድ ሬሳ በጀልባ መጫን ነውር ነው አሉ፣ ሐይቁ ይቆጣል። ኖቫተስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ምላጭ አወጣ፣ እሱንም እኔንም በጣ፣ ፍሬዋን አጎረሰኝ። ከዚያ፣ 'ባዕድ አይደለም፣ ወንድሜ ነው፣ አንሡት' አላቸው። አነሡኝ።" አተነፋፈሱ ይቆራረጣል። "ስድን አንድ ነገር ለመንኩት፣ ለማንም አትንገር አልኩት። ጳጳሱ ቢሰማ ወደ አገሬ ይመልሰኝ ነበር። ወንድም የለመነውን እምቢ አይልም፣ እስኪሞት ዝም አለ።" "እሱስ?" እላለሁ፣ "እሱስ ምን ለመነህ?" አልኩት አንተ ብዬ፣ እሱም አልደነገጠም።  "አንድ ጊዜ ብቻ። አባትሽ የሞተ ለት። እናትሽ በር ላይ ተቀምጣ ሳለ በጓሮ ገባ፣ ተንበረከከ፣ 'በደሴቱ ይዤሃለሁ፣ ለካሂጊ በሩን ክፈትለት' አለኝ። ሌሎቹ ምን ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እምቢ አልኩት።" እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። "ሐኪሞቹ ጉበት ነው ይላሉ ፑደንሲያና። እኔና አንቺ ግን እናውቃለን።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለምነህ ነበር። ለምነህለት ነበር ኖቫተስ፣ እኔ እጄን በነጠቅሁህ ማታ አንተ ገና ጉልበትህ ላይ የፓድሪው ጓሮ አቧራ ነበረበት፣ አንድ ቃል ብትናገር እጄን ባልነጠቅሁህ፣ ግን ቃልህን እሱ ወስዶታል። ሃያ ስምንት ዓመት።  "በየቅዳሴው ስሙን በልቤ እጠራ ነበር" አለ። "በልብህ! በልብህ ለማን ይጠቅማል? እናቴ በልብህ ትሰማህ ነበር?" ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። "የወንድምህ ሚስት ነኝ። የለመንኩህን እምቢ ማለት የለህም። አባቴን ፍታው፣ አሁን፣ ጮክ ብለህ፣ በሩ ተከፍቶ።" "ድምፅ የለኝም" አለ። "ለዐቢይ ጾም ነበረህ" አልኩት።

ትራሱን ደገፍኩለት። ጀመረ፣ በላቲን፣ በዚያ ዘመን ፍትሐት በላቲን ነበር፣ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የካሂጊን ስም ሲደርስ ደረቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አውጥቶ ጠራው። ኮሪደሩ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ካህናት ናቸው፣ እነዚያ ቀሚሳቸውን የማጥብላቸው፣ ከኮንጎ፣ ከኒያሳ፣ ከየት ከየት አርጅተው የተመለሱ። በር ላይ ቆሙ። ማን እንደሞተ አላወቁም፣ አልጠየቁም፣ ቃሉን ግን ያውቁታል፣ እሱ ሲያቆም እነሱ ይመልሳሉ፣ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀበላል፣ አንዱ መስማት የተሳነው ዘግይቶ ብቻውን ይጮኻል። ከበሩ ውጭ ለዘመረው አባቴ ይኸው ሰባት ካህናት መለሱለት።

ሲጨርስ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፣ ሻሼን ፈትቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ደረቅ ነው፣ ቀይ ነው፣ የካሺንጎ አፈር። ሸተተው። በግራ እጁ ዘገነ፣ "ወንድሜ፣ ዘገየሁ" አለና ሻሹ ላይ ጣለው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፣ ጣቶቹ መሐል የቀረው አፈር አንሶላው ላይ እየፈሰሰ። አኔክ መጥረጊያ ይዛ ገባች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ወጣች።

ሰኞ አልደረሰም። በዚያው እሑድ ከቀትር በኋላ ሞተ። አፈሩን በሻሼ ቋጥሬዋለሁ፣ ወደ አገር የሚመለስ አንድ የክህነት ተማሪ አለ፣ ለአደልትሩዳ ያደርስልኛል፣ መቃብርህ ላይ ትበትነዋለች፣ አንተም ቤትህ ግባ።

ረቡዕ ቀበሩት። የዚህ አገር መቃብር ቀጥ ያለ ነው፣ አሸዋ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሣሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። የቤቱ አለቃ አካፋዋን አንሥቶ ሊጥል ሲል አኔክ ክንዱን ነካችውና በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ዞር ብሎ አየኝ። መንገድ ለቀቁልኝ። ለካ የእሱም የመጀመሪያ አፈር የደም ወንድሙ ድርሻ ነው፣ የደም ወንድሙ ደግሞ ቀድሞት ሞቷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ በግራ እጄ ዘገንኩ፣ ስላንተ ጣልኩለት ኖቫተስ። ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ስለ ራሴ አንድ ልጨምርለት ሁለተኛ ጎንበስ አልኩ፣ እጄ አሸዋው ላይ ቆየ፣ ሳልዘግን ቀና አልኩ።